ቅዳሜ እናስተካክለዋለን

ይህን ታሪክ የምጽፈው ባለታሪኩን አስፈቅጄ ነው። «ጻፊው» አለኝ፤ «እኔ ለደንበኞቼ አንድ በአንድ ነው የምነግራቸው፤ አንቺ ለብዙ ሰው ንገሪልኝ።» እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም። ግን የእነሱን ቤትና የእኔን ቤት የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ስለሆነ፣ ሳቃቸውንም ለቅሷቸውንም ከማንም በላይ ሰምቻለሁ።

ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሱቁ ጠባብ ናት፤ ግን ገብቶ ያየ ሰው ይገረማል። መስተዋቱ ሁልጊዜ የተወለወለ ነው፣ ማበጠሪያዎቹ በቁመታቸው ተሰልፈዋል፣ ፎጣዎቹ ታጥፈው ተደርድረዋል። መሬት ላይ የወደቀ ፀጉር ደንበኛው ከወንበሩ ሳይነሳ ይጠረጋል። አፉ ከመቁረጫው ማሽን እኩል ስለማያርፍ የሰፈሩ ሰው «ማሽኑ» ይለዋል። ሚስቱ የሕፃናት አስተማሪ ነበረች። ትንሹም ትልቁም «ቲቸር» ነበር የሚላት። ከልጆች ጋር ስለምትውል ይሁን ከተፈጥሮዋ፣ እሷ ያለችበት ሥራ ሁሉ ጨዋታ ይሆናል። ሽንኩርት ስትልጥ እንኳ ከልጇ ጋር ማን ቀድሞ ያለቅሳል ብላ ትወራረዳለች።

የቤታቸው ወረቀት ግን ሌላ ጉድ ነበር። ከቴሌቪዥኑ ሥር ወረቀት፣ ከፍሪጁ አናት ወረቀት፣ ከበሩ ኋላ በምስማር የተንጠለጠለ በወረቀት የተወጠረ ፌስታል። ዚፑ የተበላሸ ሻንጣ ነበራቸው፤ እሱም ሆዱ እስኪነፋ ወረቀት በልቷል። ከለቀቁት ቤት የመጣ የመብራት ደረሰኝ፣ የተሰበረ ሬዲዮ መመሪያ፣ ያለፈበት የቀን መቁጠሪያ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የልጅቷ የፈተና ወረቀት፣ የሐኪም ማዘዣ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ሁሉም በአንድ ላይ ተደባልቆ ይኖራል።

«አንተዬ» ትለዋለች ቲቸር፣ «ቅዳሜ ቁጭ ብለን ይህን ወረቀት እናስተካክለው።»

«ወረቀት እኮ እግር የለውም፤ የት ይሄድብሻል?»

«አሰልቺ እንዳይመስልህ። ሙዚቃ እከፍታለሁ፣ ብስኩት አቀርባለሁ። በጣም አሮጌውን ወረቀት ያገኘ ከረሜላ ይሸለማል፤ በጣም የሚያስቀውን ያገኘ ደግሞ ቆሞ ያነባል።»

«እኔን ከነዚያ ሕፃናት ጋር ልትቆጥሪኝ ነው?»

«ከነሱማ ጋር አልቆጥርህም፤ እነሱ ይታዘዛሉ!»

ይሳሳቃሉ። ሳቃቸው በግድግዳው አልፎ እኔንም ያስቀኛል። ግን ቅዳሜ የፀጉር አስተካካይ ገበያ ነው። ቅዳሜ ሲመጣ ሱቁ በደንበኛ ይሞላል፣ እሱ ደክሞት ይገባል፣ ወረቀቱም ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይተላለፋል። በዚህ ላይ በልቡ ነገሩን ንቆታል። አንድ ቀን እኔው ፊት «ሱቄን ነው ሰው የሚያየው፤ ፌስታሌን ማን ያይብኛል?» ሲል ሰምቼዋለሁ። እንደሱ የምናስብ ስንቶች ነን?

አሁን ወደ ካርዱ ልምጣ። ልጃቸው ገና ጡት ሳትጥል፣ ቲቸር ታማ መርፌ ተወግታ ነበር። መርፌው ወዲያው ተነሣባት፤ ፊቷ አበጠ፣ ትንፋሿ ተቆረጠ። ለጥቂት ነው የተረፈችው። ያን ጊዜ ያዳናት ሐኪም የመድኃኒቱን ስም በትንሽ ወፍራም ካርድ ላይ ጽፎ ሰጣት። «ይህ ካርድ ከእጅሽ እንዳይለይ» አላት። «የትም ሐኪም ቤት ብትሄጂ ከስምሽ አስቀድመሽ ይህን አሳዪ።» እሷም ለብዙ ጊዜ በቦርሳዋ ይዛው ዞረች። ስሙ ረጅም ነበር፤ ልትጠራው ስትሞክር እየተንተባተበች ትስቅና «ምላስ የሚሰብር ስም!» ትል ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ባልየው የሱቁን ፈቃድ ለማሳደስ የእሷ መታወቂያ አስፈለገው። እየተቻኮለ ቦርሳዋን አልጋው ላይ ዘረገፈ፤ የሚፈልገውን ወሰደ፤ የቀረውን ከሌላው ወረቀት ጋር ጠቅጥቆ ወደ ፌስታሉ ከተተው።

«ካርዴስ?» አለችው ማታ።

«አለ፤ እዚያው ውስጥ ነው።»

ሌላም ጊዜ ጠየቀችው። «አለ አልኩሽ እኮ፤ እዚያው ውስጥ ነው።» እሷም ብትሆን ሰው ናት። ጤነኛ ሰው ስለማይስማማው መድኃኒት እያሰበ አይውልም። ዓመታት አለፉ፤ ያ ያከማት ክሊኒክም ተዘጋ፤ ልጅቷም ቁመቷ ከእናቷ በለጠ።

አንድ ቀን ቲቸር ከትምህርት ቤት ብርድ ብርድ እያላት መጣች። «ጉንፋን ነው፣ ልጆቹ ናቸው ያጋቡብኝ» ብላ ተኛች። በማግስቱ ረፋድ ላይ ልጅቷ የእኔን በር ደበደበች። «እትዬ፣ እማዬ የምትለው አይገባኝም!» አለችኝ። ስገባ ሰውነቷ እንደ እሳት ይፋጃል፤ ዓይኗ እኛን እያየ አያየንም። ባሏን ከሱቅ አስጠራነውና ተሸክመን ወደ ሆስፒታል ወሰድናት። እኔ አልጋ እስክትይዝ ቆይቼ፣ ቤቱ ክፍት ስለቀረ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ሆስፒታል የሆነውን ልጅቷ ናት የነገረችኝ። ያየቻት ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። ኢንፌክሽኑ ወደ ደሟ እንደገባና ጊዜ እንደሌላቸው ነገረቻቸው። ከዚያ «የማይስማማት መድኃኒት አለ?» ስትል ጠየቀች።

«አለ» አለ ባልየው። «አንድ አለ፤ ሊገድላት ነበር።»

«ማን ይባላል?»

አፉን ከፈተ። ያ ቀኑን ሙሉ ሲያወራ የሚውል ሰው አንዲት ቃል አጣ። ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ካርድ ላይ ተጽፏል» አለ በመጨረሻ።

«ካርዱ የታለ?»

«ቤት ነው።»

ሐኪሟ አልተቆጣችም። «እርስዎ እስኪመለሱ እጃችንን አጣጥፈን አንጠብቅም» አለችው። «ለዚህ በሽታ የምንመርጠውን ትተን፣ ብዙ ሰው የሚችለውን እንጀምርላታለን። ካርዱ ከተገኘ ግን የተሻለውን መስጠት እንችላለን። በሉ ይፍጠኑ።»

ሚስቱ ዓይኗን ጨፍናለች። ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ «አሁን መጣሁ» አላትና ሮጠ።

የቤታቸው በር ሲከፈት ከግድግዳው ጋር የተጋጨበት ድምፅ መቀሱን ከእጄ አስጣለኝ። ስገባ ፌስታሉን ከምስማሩ ገንጥሎ ወለሉ ላይ ገልብጦታል። ሻንጣውንም ገለበጠ። ከፍሪጁ አናት ያለውን በክንዱ ጠርጎ አወረደው። ወለሉ ጠፋ፤ ወረቀት ብቻ ሆነ።

«ምን ልፈልግልህ?»

«ካርድ! ነጭ ነው፣ ወፍራም፣ ጥጉ የታጠፈ... የመድኃኒቱ ካርድ!»

በጉልበታችን ተንበረከክን። አንዱን ወረቀት ስናነሣ ሌላው ከላዩ ይንሸራተታል። ያየነውን ካላየነው መለየት አቃተን፤ ያንኑ የውሃ ደረሰኝ ደግመን ደጋግመን አነሣነው። እሱ እያንዳንዱን ወረቀት ይለምናል፤ «በሞቴ፣ አንቺ ሁኚ፣ አንቺ ሁኚ» ይላል። ነጭ ነገር ባየ ቁጥር እየዘለለ ያነሣል። የሰው የሠርግ ጥሪ ነው። የጫማ ሱቅ አድራሻ ነው። የልጅቷ የክትባት ካርድ ሲገኝ ከእጄ ነጠቀው፤ አገላብጦ አየውና ወረወረው።

ስልኩ ጮኸ። ድምፁ ስለሚሰማ የልጅቷን ንግግር ሰማሁት። «አባዬ፣ ነቅታለች። አንተን ነው የምትጠይቀው። ና።»

«መጣሁ ልጄ። ይቺን ክምር ብቻ ልጨርስ። እዚህ ውስጥ ነው፣ አውቃለሁ።»

«ሂድ» አልኩት። «እኔ እፈልገዋለሁ፣ አንተ ሂድ።»

«አንቺ አታውቂውም! እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት!»

ስልኩ እንደገና ጮኸ። «አባዬ፣ ተወው፣ ካርዱን ተወውና ና!» የልጅቷ ድምፅ ተቀይሮ ነበር። ያን ጊዜ በእጁ የያዘውን ወረቀት እንደያዘ ተነሣ። ጫማው የት እንዳለ አላወቀም፤ በነጠላ ጫማ ወጣ።

ሲደርስ ልጁን ከክፍሉ ውጭ ወለል ላይ ተቀምጣ አገኛት። ቀና ብላ አየችውና ፊቷን በጉልበቷ መሐል ቀበረች።

እናትየዋ ከመሞቷ በፊት አእምሮዋ ተመልሶላት ነበር። ልጇን አወቀቻት፤ ልጅቷም ከንፈሯን በእርጥብ ጨርቅ አራሰችላት። ከዚያ «አባትሽስ?» አለች።

«ካርድሽን ሊፈልግ ቤት ሄደ።»

ቲቸር ፈገግ አለች። ድምፅዋ እየተቆራረጠ «ዛሬ ቅዳሜ ነው እንዴ?» አለች። ልጅቷ በዚያ ሁሉ መሐል ሳቀች። ሁለቱም ሳቁ። ቀጥላ «በይ ጥሪው፤ ይተወውና ይምጣ» አለቻት። ሁለት ጊዜ ዓይኗን ወደ በሩ አዞረች። በሦስተኛው አልመለሰችውም።

ባልየው ሐኪሟን ኮሪደር ላይ አስቁሞ ጠየቃት። «ካርዱን ባመጣ ትድን ነበር?»

«ልዋሽዎት አልፈልግም» አለችው። «አላውቅም። በጣም ቆይታ ነው የመጣችው። የተሻለውን መድኃኒት ወዲያው ብንጀምርላትም ላትድን ትችል ነበር፤ ልትድንም ትችል ነበር።»

«አጠገቧ ግን እሆን ነበር» አለ እሱ። ሐኪሟ ክንዱን ያዝ አድርጋ አብራው ቆመች።

ለቅሶ ደራሹ ሁሉ መጥቶ ሄደ። ወረቀቱን ሰው ከመምጣቱ በፊት እኔና ልጅቷ ሰብስበን ጓዳ ከትተነው ነበር። ቤቱ ጭር ባለ ጊዜ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከጓሮ በኩል ክርክር ሰማሁና ወጣሁ። ወረቀቱን ሁሉ በጆንያ አድርጎ አውጥቶታል፤ በእጁ ክብሪት ይዟል። ልጅቷ ጆንያው ላይ ተቀምጣለች።

«ተነሽ ልጄ። ይህ ቤቴን ያፈረሰ ነገር ነው። ይቃጠል።»

«የእማዬ የእጅ ጽሑፍ አለበት፣ አባዬ። የኔ የልደት ወረቀት አለበት። ነገ እኔ ብታመምስ? አሁንም ልትሮጥ ነው?»

ክብሪቱ እጁ ላይ ቀረ።

«ቅዳሜ እናስተካክለዋለን» አለችው። «እማዬ እንዳለችው። ከነሙዚቃው።»

«በዚህ ሐዘን ላይ ሙዚቃ?»

«ታዲያ መቼ? እሷ ስትለምንህ ደስታ ነበር፤ ያን ጊዜም አላደረግነውም።»

ቅዳሜ ሱቁ በር ላይ «ዛሬ ዝግ ነን» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ደንበኞቹ መጥተው እያነበቡ ተመለሱ። እኔም ተጠርቼ ሄድኩ። ልጅቷ ጠረጴዛውን አጽድታ፣ ብስኩት በሰሃን አቅርባ፣ ሦስት ካርቶን ደርድራ ጠበቀችን። በአንዱ ላይ «ይቀመጥ»፣ በሌላው «ይጣል»፣ በሦስተኛው «እንጃ» ብላ ጽፋለች። እናቷ ለክፍሏ የገዛቻቸው ባለቀለም ማኅደሮች ነበሩ፤ ቀዩን ለጤና፣ ሰማያዊውን ለትምህርት፣ አረንጓዴውን ለቤቱ፣ ቢጫውን ለመታወቂያና ለልደት ወረቀት መደበች። ሙዚቃው እናቷ ለሕፃናቱ የምትከፍተው ነበር። «ሕጉን ስሙ» አለች፤ «አንድ ወረቀት አንዴ ከተነሣ ቦታ ሳያገኝ ወደ ክምሩ አይመለስም።»

መጀመሪያ ሥራ ብቻ ነበር። ወረቀት ይነሣል፣ ይነበባል፣ ወደ ካርቶኑ ይገባል። ከዚያ እኔ ለጭማቂ መፍጫቸው የተሰጠ ዋስትና አገኘሁ፤ «ዕድሜ ልክ የሚያገለግል» ይላል። ያ መፍጫ በተገዛ በሳምንቱ ጢሱ ወጥቶ እኔ ቤት ድረስ መሽተቱን አስታወስኩና ቆሜ አነበብኩ። ልጅቷ ሳቀች። ቀጥሎ እሷ የአባቷን የአራተኛ ክፍል ሰርተፍኬት አወጣች፤ ከሥሩ መምህሩ «ጎበዝ ነው፤ ነገር ግን በክፍል ውስጥ አፉ አያርፍም» ብሎ ጽፏል። ይህን ስታነብ እሱም አላስቻለው። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ሳቀ፤ ከለቅሶው ወዲህ ስቆ አላየሁትም ነበር። ከዚያ ከአንድ ሕፃን የተሰጠ የቲቸር ሥዕል ወጣ፤ ራሷ እንደ ፊኛ ትልቅ፣ እግሯ እንደ ክር ቀጭን፣ አፏ ከጆሮ እስከ ጆሮ የተከፈተ። «እውነትም እሷን ይመስላል» አልን። እየሳቅን ሳለ ሳቁ መቼ ወደ ለቅሶ እንደተለወጠ አላወቅንም። ሙዚቃው ግን አልቆመም፤ እኛም ሥራውን አልተውንም።

ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረስን። ያ ሁሉ ክምር ውስጡ ሲታይ የሚረባው አራት ማኅደር አልሞላም። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነበር። ባልየው ማኅደሮቹን አንድ ላይ አንሥቶ በእጁ መዘናቸው። «ይቺን ነው?» አለ። «ያን ሁሉ ዓመት ነገ፣ ነገ ያልኩት ይቺን ነው?»

ከዚያ ሦስታችንም ስንጠብቀው የነበረውን፣ ማናችንም ያልተናገርነውን ነገር ልጅቷ ተናገረችው። «ካርዱ የለም።»

«እንጃ» የሚለውን ካርቶን እንደገና አየን። የሚጣለውን አንድ በአንድ አየን። ሻንጣውን ገልብጠን አራገፍን። የለም። ከብዙ ዓመት በፊት ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር ተጥሎ ይሆናል፤ ማን ያውቃል።

ባልየው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። «እዚህ ቤት አልነበረም» አለ ቀስ ብሎ። «ስትጠይቀኝ አለ ስላት አልነበረም። እሷ እዚያ በሩን ስታይ፣ እኔ እዚህ የሌለ ነገር...» ልጁ ሙዚቃውን ዘጋችና አቀፈችው። እኔ ብስኩቱን ሳነሣ ማንም እንዳልነካው አየሁ።

አሁን በዚያ ቤት ወረቀት የሚቀመጥበት አንድ መደርደሪያ ነው። አባትና ልጅ አብረው ተመርምረው የደም ዓይነታቸውን፣ የሚስማማቸውንና የማይስማማቸውን መድኃኒት አስጽፈዋል። አንዱ ቅጂ በቀዩ ማኅደር፣ አንዱ በየኪሳቸው፣ ፎቶው በስልካቸው አለ። አዲስ ወረቀት ወደ ቤት ሲገባ በዚያው ቀን ቦታው ይሄዳል። እኔም ከዚያ ቅዳሜ በኋላ የራሴን መሳቢያ ዘርግፌያለሁ፤ ያገኘሁትን ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ።

እሱ ወደ ሱቁ ተመልሷል። ወሬው ግን ተቀይሯል። በቅርቡ የወንድሜን ልጅ ፀጉር ላስቆርጥ ገብቼ ያየሁትን ልንገራችሁ። ወንበሩ ላይ ሊያገባ ቀን የቆረጠ ጎልማሳ ተቀምጧል።

«እጮኛህ የማይስማማት መድኃኒት አለ?» አለው።

«ኧረ ማሽኑ! ገና ሳላገባት ልታሳምማት ነው?»

«ታውቃለህ ወይ ነው ያልኩህ።»

«አላውቅም። ምን ያስቸኩላል፣ ገና አንድ ላይ ስንሆን ቀስ ብለን...»

ፀጉር አስተካካዩ የመቁረጫውን ማሽን አጠፋ። የሰውየው ፀጉር በአንድ ጎን ተቆርጧል፣ በሌላው ጎን እንዳለ ነው። «ደውልላት» አለው። «ካልደወልክ እንዲሁ ነው የምትሞሸረው።»

ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ሳቀ። ሰውየውም እየሳቀ ደወለ። «ምን ነካህ ዛሬ?» የሚል የሴት ሳቅ ከስልኩ ተሰማ፤ ከዚያም መለሰችለት። እሱም «ቆይ፣ ቆይ፣ ድገሚልኝ፣ ልጽፈው ነው» አለ። ፀጉር አስተካካዩ ያን ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ የታጠፈውን ፎጣ ፈትቶ እንደገና ያጥፍ ነበር። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ የመቁረጫውን ማሽን አስነሥቶ የቀረውን ጎን መቁረጥ ጀመረ።

ወገኖቼ፣ ሁላችንም ቤት አንድ የታጨቀ ነገር አለ። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ግማሽ ቀን፣ ጥቂት ካርቶን፣ ትንሽ ሙዚቃ ይበቃዋል። እየሳቃችሁ ሥሩት፤ የቤቱ ሰው ሁሉ በጤና ቁጭ ብሎ በሚስቅበት ጊዜ ሥሩት። የምትወዱት ሰው የታመመ ቀን ሐኪም የሚጠይቃችሁን ባላችሁበት መልሱ፤ ከዚያ ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠግታችሁ እጁን ያዙ።